ገና ያልመጣው ጭማሪ የሠራው መንገድ

በፒኮ መንገድ አውቶቡስ ባሕር ዳር ወዳለችው ሳንታ ሞኒካ ስሄድ፣ ባለቤታቸውን በዊልቸር ይዘው የገቡ እናት አጠገባቸው ከተቀመጠች ወጣት ጋር በአማርኛ ወሬ ጀመሩ።

«የሰፈራችን የእግረኛ መንገድ ተሰባብሮ ዊልቸሩ አያልፍም ነበር። ባለቤቴ እኮ ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጡም።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ተሠራልን! ግን ገንዘቡ ከየት መጣ? ታክስ ጨመሩ እንዴ?»

«የታክሱን ሬት፣ ማለት ፐርሰንቱን፣ አልነኩም፣ እትዬ። እኔ ሲቲው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ነው የምሠራው። ሰፈሩ ሲሻሻል የቤቱም የሱቁም ዋጋ ከፍ ይላል፣ ፕሮፐርቲ ታክሱም፣ የቤትና የሱቅ ግብሩ፣ አብሮ ያድጋል። የድሮው ግብር ያህሉ እንደወትሮው ወደ መንግሥት ካዝና ይሄዳል፤ ጭማሪው ብቻ ለዚያው ሰፈር መንገድና መብራት ይቀመጣል።»

«ኦኬ፣ ጭማሪው ከመጣ በኋላ ነው የሠሩት?»

«ኖ፣ ይመጣል ብለው ተበድረው ቀድመው ሠሩ። ብድሩን ጭማሪው ይከፍለዋል።»

«ሶ፣ ይሄ ሰፈር ያድጋል ብሎ የተማመነብን ሰው ነበር ማለት ነው! እንዴት ደስ ይላል!»

«ኪራዩም አብሮ ያድጋላ!» አሉ ባልየው።

«እሱን ነገ እናማርራለን። ዛሬ ባሕር ልናይ ነው።»

ሳንታ ሞኒካ ደርሰን ስንወርድ፣ ዊልቸሩ ወደ ባሕሩ እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ በዓይኔ ሸኘሁት።