ሥዕሉ ላይ የሌለችው ቤት

በእኛ ጊዜ መካኒሳ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ክረምትን እንደ ነገረኛ ጎረቤት ነበር የሚያየው፤ ይመጣል፣ ይጮሃል፣ ይሄዳል። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ግን መጥቶ አልማረንም። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሃያ ሦስት ቤት ጠርጎ ወሰደ። ሰው ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ቤቱ ግን ከነካርታው፣ ከነሰነዱ ሄደ። ታዲያ ሁላችንም፣ እናቴ፣ አያትሽ ማለት ነው፣ እኔም ጭምር፣ አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በእድሩ ድንኳን ተጠለልን። ስሚኝ አንቺ፣ ለልቅሶ በተሠራ ድንኳን ውስጥ መኖር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ አስከሬን ያለ ይመስል።

ታፈሰ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት አኮርዲዮን ይጫወት የነበረ። ከጎርፉ የወጣው አኮርዲዮኑን አናቱ ላይ ተሸክሞ ነው። ሚስቱ «ፍራሹን ትተህ ይሄን?» እያለች ስትሰድበው ሰነበተች። እና በሦስተኛው ቀን ብድግ አለና «በቃ! ማን ሞተብን? ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ጀመረ። ዘፈን እንኳ አይደለም፤ የፈረሱትን ቤቶች ከድልድዩ ጀምሮ በተራ ይጠራል፣ ሰዉ ይቀበላል። «በሯ ሲጢጥ የሚለው፣ የእትዬ ዘነቡ ቤት!» «አለ!» «የሰዓሊው እናት ቤት!» «አለ!» ልብ በይ፣ የእኛን ሁለተኛ ላይ ነው የጠራው።

እኔ ደግሞ ሥነ ጥበብ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ጎፋ የሱቅ ታፔላ የምጽፍ ሰው ነበርኩ። ታፈሰን ስሰማ እጄ አላስቀምጥ አለኝ። የእድሩን ዳኛ አቶ ወርቅነህን አሮጌ ሸራ ለመንኩት፣ ሰጠኝ። የታፔላ ቀለሜን ከጎፋ አመጣሁና ሰፈሩን እንደነበረ አድርጌ መሣል ጀመርኩ። እና ሰዉ ከበበኝ።

«ኧረ የእኔ በር አረንጓዴ ነው!»

«ውሻዬስ? ውሻዬን ረሳሃት!»

«አንተ፣ የእኔ አጥር እንዲህ ተንጋዶ ነበር?»

«ከዚህም የባሰ ነበር!» ይላታል ሌላው።

ሳቁ! በልቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳቁ። ወርቅነህም መጣና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ «የኔ ወንድም፣ በጓሮ በኩል አንዲት ክፍል ላወጣ አስቤ ነበርኮ፤ እሷንም ጣል አድርግልኝ» አለኝ። ሸራውን የሰጠኝ እሱ ነው። ይሉኝታ ያዘኝና ጣል አደረግኩለት።

ታዲያ የቀበሌ ሰዎች መጡ። ምትክ ቦታ ሊሰጥ ነው፣ ማስረጃ አምጡ አሉ። ምን ማስረጃ? ወንዙ ወስዶታል! ወርቅነህ ሸራውን ዘረጋላቸው። ሰው ሁሉ በጣቱ እየጠቆመ «ይኸው የእኔ» አለ። ኃላፊው ተደንቆ «ይሄ ይበቃል፤ በዚሁ ይመዝገብ» አለ። የአያትሽ ተራ ሲደርስ «የእርስዎ የትኛው ነው?» አላት። ፈለገች። እኔም ፈለግኩ። የለም!

ገባሽ? ሥዕል ከአንድ ቦታ ሆነሽ ነው የምትሥይው። እኔ ያንን ሰፈር ዕድሜ ልኬን ያየሁት ከእናቴ ደጃፍ ተቀምጬ ነው፤ ስሥለውም በሐሳቤ እዚያው ተቀምጬ ነበር። የተቀመጥኩበትን ቤት እንዴት ልየው?

«ጌታዬ፣ ይሄ ሁሉ የሚታየውኮ ከእኛ ቤት ነው!» አልኩት።

«ሥዕሉ ላይ የለም» አለኝ።

ታፈሰ ዘሎ ተነሣ። «ዘፈኑ ላይ አለ! ሰው ሁሉ ‹አለ› ብሎ ተቀብሎታል!»

«ወንድሜ፣ በዘፈን ቦታ አይሰጥም» ብሎ ሳቀበት።

ብሩሼን አነሣሁ፣ ልጨምራት። እጄን ማን ያዘኝ መሰለሽ? ወርቅነህ! «ተው እንጂ፣ አሁን ሰነድ ሆኗል። ሰነድ መነካካት ያስጠይቃል» ይለኛል። የእሱ የጓሮ ክፍል ቀለሟ እንኳ አልደረቀ!

እትዬ ዘነቡ በአጥር የምንዋሰን ናት። አያትሽ «ዘነቡ፣ ንገሪያቸው እንጂ» አለቻት። ነጠላዋን አስተካክላ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሥዕሉ እያለ» አለች። ምትክ ቦታው ለሁሉ አይበቃም የሚል ወሬ ነበራ! በእኔ ሥዕል የሳቀ አፍ ሁሉ ተዘጋ። ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። «ሥዕሉን ማን ሣለው?» «እኔ።» «ታዲያ አንተ ያልሣልከውን እኛ ከየት እናምጣው?»

አያትሽ ጎፋ በኪራይ ቤት ሞተች። ወርቅነህ ትርፍ ክፍል ስለነበረው ተብሎ ሰፋ ያለ ቦታ ተሰጠው፣ ክፍሏንም ሠራት። ዛሬም በዚያ ሳልፍ አያታለሁ፤ እኔ እንደሣልኳት ናት፣ መስኮቷ እንኳ በግራ በኩል። የሌለችው ቤት ቆማ፣ የነበረችው የለችም!

ምን አልሽ? «ጋሼ፣ ታዲያ ውሸቷን የሣልካት አንተ አይደለህ?» … ሃ ሃ! ታፈሰም ይህንኑ ብሎኝ ሁለት ዓመት አኩርፌዋለሁ። አንቺን ግን ምን ላድርግሽ? ዓይንሽ የአያትሽ ነው፤ እሷም እስክትሞት እንዲሁ ስታየኝ ኖራ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም።