ያልጨበጡ እጆች

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ይንቀጠቀጣል፤ ጀርባሽ ላይ ያለው ጎረምሳ ግን ያንኮራፋል» አሉኝ አብረውኝ ወረፋ የቆሙት የጉለሌ ጎረቤቴ እማማ ጥሩነሽ። ጣሊያን ባለቤቴን ካሰረው ወዲህ ምሳ ላደርስለት የሄድኩበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። እስር ቤቱ በር ላይ የቆመው ባንዳ ከፊቴ የነበረችውን ሴት «መርዝ ይሆናል» ብሎ ምግቧን ደፋባትና በሰደፍ ገፍቶ መለሳት። እኔም ልመለስ ዞርኩ።

«ወዴት ነው?»

«ልጅ አዝያለሁ እኮ፣ እማማ። ቢመታኝስ?»

«እስቲ የልጅሽን እጅ እዪ። ይዞሻል?»

ዞር ብዬ አየሁ። የልጄ እጆች ከአንቀልባው ወጥተው ተንጠልጥለዋል፤ ምንም አልጨበጡም።

«አዝለሽዋላ፣ ለምን ይያዝሽ? አንቺንስ ያዘለሽ የለም?»

ባለቤቴ ከተወሰደ ጀምሮ ስጸልይ፣ እግዚአብሔርን ለአፍታ ብለቀው የምወድቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ የያዘኝ እሱ ነው። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ እግሬ ግን ጸና። ተራዬ ሲደርስ ባንዳው አፉን ሳይከፍት አገልግሌን ከፈትኩ፤ ከእንጀራው ቆርሼ ዓይኑን እያየሁ ጎረስኩና ምሳውን ዘረጋሁለት።