ከአሮጌው ድልድይ በታች ያለው ውሃ

የከተማው ልጅም አዋቂም «አባ ጠርሙስ» እያለ ሲጠራቸው የኖረው ታላቅ ወንድማችን፣ ዓሣ እያጠመዱ ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩ ከነበሩት አባታቸውና የሰው ልብስ እያጠቡ ካሳደጓቸው እናታቸው፣ ከአሮጌው ድልድይ በታች በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። በልጅነታቸው በወንዙ እየዋኙ፣ ሲጠማቸውም ከዚያው እየጠጡ አደጉ፤ ይህን ዛሬ የሚሰማ ልጅ ተረት ይመስለዋል።

የኬሚስትሪ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ በውሃ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ተቀጥረው፣ ጠርሙስ በገመድ አስረው ከአሮጌው ድልድይ ላይ እየሰደዱ፣ ከቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ በታች ያለውን ውሃ እየቀዱ ሲመረምሩ፣ ወንዙ ከዓመት ዓመት እየከፋ መሄዱንም ያለ ይሉኝታ ሲናገሩ ኖሩ። በዚያው መሥሪያ ቤት ያገኟቸውን የሂሳብ ሠራተኛ አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

ድልድዩ ለጥገና በተዘጋበት ክረምት፣ ለጊዜው ነው ብለው መቅጃ ቦታውን ከፋብሪካው በላይ፣ ፍሳሹ ወደማይደርስበት አዲሱ ድልድይ ያዛወሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። የምርመራው ውጤት ባንድ ጊዜ አማረ። ድልድዩ ተጠግኖ ሲከፈት ወደ ቀድሞው ቦታ እንመለስ ቢሉ፣ ወንዙ ዳነ ተብሎ ሽልማት የተቀበሉት ኃላፊ «የዳነን በሽተኛ ደግሞ ማን ይመረምራል?» አሏቸው። ጡረታ እስኪወጡ ደጅ ቢጠኑም ሰሚ አላገኙም። ከታች ያለው ሕዝብም ዳነ የተባለውን ውሃ አትክልቱን እያጠጣበት፣ ልጆቹን እያጠበበት፣ የልጆቹ ቆዳ ሲቆስል ዕድሉን ረገመ። ወንድማችን የሚረግሙት ግን ራሳቸውን ነበር፤ «በገዛ እጄ» የምትል ቃል እስከ መጨረሻው ከአፋቸው አልተለየችም።

በጉበት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ትናንት ማለዳ አረፉ። መሥሪያ ቤታቸው «ወንዛችንን ላዳኑ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የአበባ ጉንጉን ልኮልናል፤ እግዜር ይስጥልን። የእሳቸው ኑዛዜ ግን አበባ ሳይሆን ከአሮጌው ድልድይ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውሃ ነበርና፣ ታላቅ ልጃቸው ዛሬ ጠዋት በአባቷ ገመድ ቀድታ ከጉንጉኑ አጠገብ አኑራዋለች። ክዳኑ ተከፍቷል። ሽታው ከየት መጣ ብላችሁ ጫማችሁን የምታዩ ወገኖቻችን ካላችሁ፣ ከዚያ ነው።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና ያልዳነ ወንዝ ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከጠራ ምንጭ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ከድልድዩ በታች ለምንቀረው ደግሞ እሱ ይድረስልን።