የጌዶው ኮረብታ ቃለ ጉባኤ

—ሄሎ… ሄሎ፣ ኦቦ ጀቤሳ?

ወርቂቱ ስልኩን ያነሳችው አምቦ፣ ሆስፒታል ደጅ ላይ ቆማ ነው። የጠጠር ማምረቻው የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ደዋዩ ሥራ አስኪያጇ ነው። የሹራቧ እጅጌ ደም በደም ሆኗል፤ ደሙ የሷ አይደለም።

—አሁን ይሰማል… እኔ ደህና ነኝ። የተጎዳው ቀጀላ ነው፣ ቀያሹ። በድንጋይ ተፈንክቶ እየሰፉለት ነው… አልሰሙም እንዴ? ሰው ሞቷል እኮ… ኦቦ ተሬፋ። አዎ፣ ጌዶ ኮረብታው ላይ ከብት የሚያሰማሩት ሽማግሌ።

—ማን ተኮሰ? የእኛው ጥበቃ ነዋ… አይ፣ ወደ ሰማይ አይደለም፤ እዚያው ነበርኩ። ሽማግሌው ኤክስካቫተሩ ፊት ቆመው ሹፌሩን «ዳቢ!» ብለው አቁም አሉት። ሹፌሩ አቆመ። ጥበቃው ግን ገፍትሮ ጣላቸው፤ ሲነሱ ደረታቸውን በጥይት መታቸው። ገበሬዎቹ ድንጋይ ያዘነቡብን ከዚያ በኋላ ነው… አዎ፣ በኋላ ነው የምልዎት።

—አንዴ ይጠብቁኝ… ሃዋኒ፣ በዚህ በኩል ነይ። አረፍ በይ፣ መጣሁ… የሟቹ ልጅ ናት።

—የቱ ቃለ ጉባኤ?… የማክሰኞው የቦርድ ስብሰባ። ምን ተብሎ ይስተካከል?… «የዕቅድ ክፍሉ ባቀረበው ጥናት መሠረት ማሽኑ እንዲገባ ተወሰነ»? ኦቦ ጀቤሳ፣ የኔ ጥናት ከገበሬዎቹ ጋር ሳንስማማ ማሽን አይግባ ነው የሚለው። ያንን ገጽ ከጥናቱ መዘው ያወጡት እርስዎ ነዎት። «መጀመሪያ ማሽኑ ይግባ፣ ድርድሩ ከዚያ በኋላ ይረክሳል» አሉ፤ ቦርዱም ሳቀ።

ሰውየው ረጋ ብሎ ያስረዳት ጀመር። በስብሰባም እንዲሁ ነው፤ አይጮህም። የሱን ሐሳብ ሰው ሁሉ የራሱ እስኪመስለው ድረስ ያባብላል።

—አዎ… አልካድኩም፣ ድምፅ ሲሰጥ እጄን አውጥቻለሁ። ሁሉም አውጥቶ እኔ ብቻ ስቀር፣ «ወርቂቱ፣ አንቺስ የኛ አይደለሽም?» አሉኝ። አፈርኩና አወጣሁ… ምክትልዎ ያደርጉኛል?… ይቅርብኝ… ይቅርብኝ አልኩ እኮ።

ግድግዳውን ተደገፈች።

—በልጆቼ ሊያስፈራሩኝ ነው?… የት እንደሚማሩ አውቃለሁ፤ እርስዎ ባያስታውሱኝም… እንግዲህ እኔም ልንገርዎት፣ ይሰሙኛል? ያወጡት ገጽ እጄ ላይ ነው። ፖሊሱ ቃሌን ሊቀበል እዚህ በር ላይ ቆሟል… አዎ፣ እኔንም ያስሩኝ ይሆናል።

—የኔም እጅ ማውጣት ይታወቃል ነው የሚሉት?… እሱን ከፖሊሱ በፊት ለልጃቸው ነው የምነግራት።

ስልኩን ዘጋችና ሃዋኒ አጠገብ ሄዳ መሬት ላይ ተቀመጠች።