ምን ሠርተህ ነው የምትፈራው?

ሰው ሲፈራ ራሱን በቃል ቢያረጋጋ እንደሚረዳው ከአሮጌ መጽሔት ላይ አንብቤ ነበር። አገር ቤት ታማ ወደተኛችው እናቴ መሄጃ የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ መካኒሳ ቀበሌ ተሰልፌ ሳለሁ ፍርሃት ሲይዘኝ፣ «አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ» እያልኩ ለራሴ አጉተመተምኩ። አብዮት ጠባቂው አየኝ።

«አንተ! ጴንጤ ነህ እንዴ? ምንድን ነው የምትጸልየው?»

«ኧረ ጓድ፣ ጸሎት አይደለም! ሰው ሲፈራ ለራሱ…» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ቆይ፣ ምን ሠርተህ ነው የምትፈራው?»

መልሴን ሳይጠብቅ ከሰልፉ አውጥቶ ግድግዳ ሥር አስቀመጠኝ፤ ወረቀቱም እናቴም ቀሩብኝ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ለግንባር ተመድቤአለሁ» አለኝ በሹክሹክታ። «እስቲ፣ እንዴት ነው የምትለው?»

ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ እየደጋገመ ያጉተመትም ስለነበር፣ ወደ ሰልፉ ስመለስ እንኳ አላየኝም።