ስልት ለተጫዋች ወይስ ተጫዋች ለስልት

በዚያ ሰኞ ጠዋት ጎሚስታው ዘንድ የሄድኩት የመኪናዬን ጎማ ላስጠግን እንጂ ክርክር ልሰማ አልነበረም። በደቡብ አላባማ ያለች የአንዲት ትንሽ ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ነኝ። እግር ኳስ ስል ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትንና የሚወረውሩበትን የእኛን አገር ጨዋታ ማለቴ ነው። ወረፋ ስጠብቅ ዋናው አሰልጣኛችን ሆሊስ ማክራኒ ጎማውን ሚስማር የወጋውን ፒካፓቸውን ቀስ ብለው እየነዱ ገቡ። ረዳታቸው ረስል ኦዶም ቀድሟቸው ደርሶ አግዳሚው ላይ የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይፈለፍል ነበር።

ማክራኒ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው፤ ቡድኑን ሃያ ስድስት ዓመት አሰልጥነዋል። ረስል ሠላሳ አልሞላውም፤ የተማረው ሂሳብ ነው፤ ከኳስ ፍቅር በቀር ወደ ሜዳ ያመጣው የለም። ከሁለት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ፣ በተከታታይ ለሦስተኛ ጊዜ ተሸንፈን ነበር።

“ቁጭ ይበሉ ኮች፣ ኦቾሎኒ ይቅመሱ” አለ ረስል ቦታ እየለቀቀላቸው።

“የተሸነፈ ሰው ኦቾሎኒ አይወርድለትም” አሉ ማክራኒ፤ ግን ዘገኑ። ወደ እኔ ዞረውም “ላቮን እንዴት ሆነ?” ሲሉ ጠየቁኝ።

ላቮን ፔቲግሩ ኳርተርባካችን ነው፤ ኳሱን በመጀመሪያ ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራው ልጅ።

“ራጁ ደህና ነው” አልኳቸው። “ጎኑ ግን እንዳለ በልዟል። ቅዳሜ ዘጠኝ ጊዜ ነው መሬት ላይ የደፉት። እናቱ ትናንት ደውላ ‘እንዲህ ከሆነ መጥቼ ልጄን እወስዳለሁ’ ብላኛለች።”

አሰልጣኙ ሌላ ኦቾሎኒ ፈለፈሉ። “ቆሞ መወርወር ገና አለመደም። ይለምዳል።”

“ኮች፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ብናገር” አለ ረስል።

“ባልፈቅድልህስ ትተወዋለህ? በል ቀጥል።”

“የእኛ ስልት ልጁ ፊቱ እንደ ግንብ ከሚቆሙለት ልጆች ጀርባ ቆሞ፣ ሦስት ሰከንድ ታግሶ፣ ኳሱን ከሜዳው አጋማሽ በላይ እንዲልክ ይፈልጋል። ላቮን እንዲያ ሲወረውር ኳሱ አየር ላይ ይንገዳገድበታል። እየሮጠ አጭር ሲወረውር ግን ከአሥሩ ስምንቱን ጓደኛው ደረት ላይ ያሳርፋል። ልምምድ ላይ አንድ በአንድ መዝግቤዋለሁ። በሩጫ ደግሞ የሚይዘው የለም።”

“እኔ በዚህ ስልት ሁለት ዋንጫ በልቻለሁ።”

“በልተዋል። ላቮን ግን ያኔ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር።”

“ምላስህ ከላቮን እግር አያንስም” አሉ ማክራኒ፣ ሳይቆጡ። “እሺ፣ ለእሱ ብዬ ልቀይር። የቀሩት አሥሩ ምን ይሁኑ? ደግሞስ ቆሞ ዘጠኝ ጊዜ የተደፋ ልጅ፣ እየሮጠማ ስንት ጊዜ ሊደፋ ነው?”

ጥያቄው ቀላል አልነበረም፤ እኔም ራሴ የምፈራው ይህንኑ ነበር። ረስል ግን አስቦበት መጥቷል።

“ቅዳሜ የመቱት ቆሞ ሩቅ ሲያይ፣ ከጀርባው መጥተው ነው። የሚሮጥ ሰው የሚመጣበትን ያያል፤ ሲመቸው ያልፈዋል፣ ካልተመቸው ሳይመቱት ራሱ ቀድሞ ይወድቃል። ስለ አሥሩ ላሉት፣ ፊት የሚሰለፉት ልጆቻችን ቀላልና ፈጣን ናቸው። እንደ ግንብ ቁሙ ስንላቸው ይገፋሉ፤ ሩጡና መንገድ ክፈቱ ብንላቸው ይችላሉ።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ኮች፣ እርስዎ እዚህ ሲመጡ ቡድኑ በምን ስልት ነበር የሚጫወተው?”

“በሩጫ ብቻ። ያኔ ኳስ መወርወር እንደ ኃጢአት ነበር የሚቆጠረው።”

“ታዲያ ለምን ቀየሩት?”

“ጂን ስታውት የሚባል ልጅ አገኘሁ። ክንዱ መድፍ፣ እግሩ ግንድ። እንዲህ ያለውን ልጅ ሩጥ ብሎ ማዘዝ ግፍ ነው ብዬ...”

በእጃቸው ያለውን ልጣጭ ትኩር ብለው አዩት።

ሰው ትናንት በገዛ እጁ ያበጀውን ነገር ዛሬ ከአባት የወረሰው ሕግ አድርጎ ሲጠብቅ ይገኛል። ማክራኒም ለጂን ክንድ ብለው የሰፉትን ልብስ ሃያ ስድስት ዓመት ለመጣው ሁሉ ሲያለብሱ ኖሩ፤ አንዳንዱን ልክ ስለሆነው ዋንጫ መጣ፣ ያልሆነውን ደግሞ ሰነፍ አሉት።

“ልጁን ራሱን ጠይቀኸዋል?” አሉ በመጨረሻ።

“አልጠየቅሁትም።”

“እኔም አልጠየቅሁትም።”

ጎማው ተጠግኖ እንዳለቀ ሦስታችንም ወደ ኮሌጁ ሄድን። ላቮን ጎኑ ላይ በረዶ ይዞ ተቀምጧል። አሰልጣኙን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ፤ በእጃቸው መለሱት።

“ኳሱ እጅህ ሲገባ ምን ብታደርግ ደስ ይልሃል?”

“ያዘዙኝን አደርጋለሁ፣ ጌታዬ።”

“እሱን አልጠየቅሁህም።”

ላቮን ሊባረር መስሎት ወደ እኔ አየ፤ ራሴን ነቀነቅሁለት። “ወደ ቀኝ ብሮጥ” አለ ቀስ ብሎ። “ተከላካዩ ወደ እኔ ከመጣ ለጓደኛዬ እወረውራለሁ፤ ካልመጣ ራሴ ይዤ እሄዳለሁ።”

“ካመነታስ?”

“ካመነታማ አለቀለት።”

ማክራኒ ከዚያ የውድድር ዓመት መጀመሪያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው።

ቀጣዩ ቅዳሜ ጨዋታ ስላልነበረን ለልምምድ አሥራ ሁለት ቀን አገኘን። በጨዋታው ቀን መጀመሪያ ላይ ኳሱ ሁለት ጊዜ ከእጃችን አመለጠ፤ ደጋፊውም “የድሮውን መልሱልን” እያለ አጉረመረመ። ረስል ፊቱ አመድ መሰለ። ሽማግሌው ግን “ልጁ ደህና ነው፤ እኛ ነን ገና ያልደረስንበት” አሉት። ከእረፍት በኋላ ላቮን ወደ ቀኝ ሮጠ፣ ተከላካዩ አመነታ፣ የቀረውን ሜዳ ብቻውን ጨረሰው። ሃያ አራት ለሃያ አሸነፍን። እናቱ ልጇን ልትወስድ መጥታ ነበር፤ አቅፋው ቆየችና ብቻዋን ተመለሰች።

ከቀሩት ሰባት ጨዋታዎች አምስቱን አሸነፍን። ለእኔ ለወጌሻው ትልቁ ድል ግን ሌላ ነው፦ ዘጠኝ ጊዜ ይደፋ የነበረው ልጅ በአንድ ጨዋታ ከሁለት ጊዜ በላይ አልወደቀም። ሰነፍ ይባሉ የነበሩት የፊት መስመር ልጆችም ለልምምድ ከሁሉ ቀድመው መምጣት ጀመሩ። የሚችለውን እንዲሠራ የታዘዘ ሰው ጉልበቱ በእጥፍ ይጨምራል፤ ያዘዘውም ሰው ክብሩ አይቀንስበትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ላቮን ተመረቀ። በእሱ ምትክ ረጅም፣ ዝግተኛ፣ ትከሻው ሰፊ ልጅ መጣ። በመጀመሪያው ጠዋት ረስል የላቮንን የጨዋታ ንድፎች አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ እየሳለ ሳለ ማክራኒ ገቡ።

“ይሄ ለማን ነው?”

“ለአዲሱ ልጅ ነው ኮች። ሁለት ዓመት ያሸነፍንበት ስልት እኮ ነው።”

“ልጁ ሲወረውር አይተኸዋል?”

“ገና ነኝ።”

ሽማግሌው ዳስተሩን አንስተው ሰጡት። “በል አጥፋውና ሜዳ ላይ እንየው።”