ትርፏ ካርድ

ነይ ዘሊካዬ፣ እንኳን ደህና መጣሽ! አባትሽ ተሻላቸው? ተመስገን። ዓሣውስ ወጣ?… የዛሬው የሐይቅ ነፋስ እንዴት ደስ ይላል! በሩን አትዝጊው፣ ተይው። እዚያ ማዶ ክፍል ውስጥ ላለ ሰውም ይድረሰው እንጂ፤ ምን ክፋት አለው?

ትናንት ባለመኖርሽ ያመለጠሽ ነገር! እኛ የክሊኒክ እንግዳ ተቀባዮች ምን እናውቃለን? አንድ የተማሩ ሰው፣ ስም አልጠራም፣ ነውር ነው… ሰርቨሩን ከፍተው አዩና፣ "ሁለት የኔትወርክ ካርድ ምን ይሠራል? አንዷ ትርፍ ናት" ብለው ነቀሏት። የራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሰኳት አሉ፤ ኳስ ሲያዩ እየተቆራረጠባቸው ተቸግረው ነበር፣ አይዟቸው። ኢልሃምንስ ቢሆን፣ "ለአንድ ማሽን ሁለት ባለሙያ ምን ያደርጋል?" ብለው ዓባይ ማዶ ወዳለው መጋዘን የነቀሏት በአንድ ጀንበር አይደል? ትርፍ ነገር ከዓይናቸው አያመልጥም… መስተዋት ፊት ሲቆሙ ብቻ ነው የሚያልፋቸው።

ሰርቨሩ ቢከፈት ኔትወርክ የለም። የላብራቶሪ ውጤት ቢባል ማን ያየዋል? ቄስ መርስዔ ኀዘን ባለቤታቸውን ይዘው ከይፋግ መጥተዋል፤ ሐኪሙ ውጤት ሳላይ መድኃኒት አላዝም አለ። ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ኩርምት ብለው ያቃስታሉ። የተማሩት ሰውስ ቁጭ አሉ? ኬብሉን ቀየሩ። "የሐይቁ እርጥበት ነው" አሉ። ጣና ስንት ዘመን ዝም ብሎ ተኝቶ… በእሳቸው ላይ ተነሣባቸው! እኔማ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልሁ። ዝንቡም የተከፈተ አፍ አላጣም።

በመጨረሻ ጠጋ ብለው፣ "እስቲ ለኢልሃም ደውይላት፤ እኔ እንዳልሁሽ ግን አትንገሪያት" አሉኝ። ወይ ትሕትና! ደወልሁ። ይቺ እጄ ደግሞ ተሳስታ… ድምፁን ለአዳራሹ ሁሉ ከፈተችው።

"ካርድ የነቀለ ሰው አለ?" አለች ኢልሃም።

እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "የለም በያት" ማለታቸው ነው።

"የለም" አልሁ፣ እንደታዘዝሁት።

"እንግዲያው እኔም አላውቅም።"

ቄሱ ባለቤታቸውን ደግፈው ተነሡ። "ሌላ ሐኪም ቤት እንሞክር፣ ልጆቼ" አሉ። ያን ጊዜ ከጀርባዬ አንድ ድምፅ… የጫጩት የምትመስል… "እኔ ነኝ የነቀልሁት" አለች። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያቸው! ጀግንነት እኮ ጮክ ማለት ብቻ አይደለም፣ አይደል?

ለካ ማሽኑ ለካርዶቹ ስም የሚሰጣቸው በተሰኩበት ተራ ነው። አንዷ ስትነቀል የቀረችው ተራዋም ስሟም ተለወጠ፤ ሴቲንጉ ግን በድሮ ስሟ ይጣራል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲሉ እሰማ ነበር… የዚያችን ማን እንዳወጣው ግን በዓይኔ አየሁ። ኢልሃም አዲሱን ስም ከየት አይተው የት እንደሚጽፉት ነገረቻቸው፤ ጻፉ፤ ኔትወርኩ መጣ። የቄሱ ባለቤትም መድኃኒታቸው ታዞላቸው ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ኢልሃም ከሰኞ ጀምሮ ወደ ቦታዋ ትመለስ ብለው አዘዙ። የእኛ የተማሩ ሰውም ወዲያው፣ "እኔም ይህንኑ ላቀርብ ነበር" አሉ። አርቆ አሳቢ ማለት እንዲህ ነው… ሁሌ አንድ ቀን ዘግይቶ።

ውይ፣ ማዶ ክፍል ማነው ያነጠሰው? ይማርዎ!… ኧረ እንዲያውም ይማሩ!

እኔማ ክፉ አይወጣኝም፣ ዘሊካዬ። የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥልን እላለሁ… ተምረው እስኪጨርሱ ድረስ።